ስምንት ኩርባ

ከዲማፑር ተነሳን፣ ስሚንቶ ጭነን፣ ማታ፤
ዝናቡ የጋቢናውን ጣሪያ ሲመታ፣ ሲመታ፤
ኮሂማ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን
ተራራው ወረደ፤ አፈር አለበሰን።

እኔ በመስኮት ወጣሁ።
ኔሳን፣ ረዳቴን፣ በባትሪ ፈልጌ አገኘሁ፤
ጭቃው እስከ ደረቱ ውጦታል፤
አንድ እጁ ብቻ ነጻ ነው፣ እጄን ጨብጦታል።
"ኬቪልሁ" አለኝ፣ "ያንን ድገምልኝ፣
እናቴ ማታ ማታ የምትደግምልኝ፣
ያን የተራራውን።" ደግሞ ሳቅ አለና፣
"ዛሬ ተራራው ራሱ መጥቷልና።"

መጽሐፌ ከወንበሬ ሥር፣ ከነዚፑ፣ ከጭቃው በታች፣
ለሠርጌ ተሰጥታኝ ሃያ ዓመት ሙሉ የተኛች።
ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ስንኝ ወጣች፤
ስለ ረዳት ነው የምትጠይቀው፤ ጠየቀች።
ከዚያ ወዲያ ባዶ። ምላሴ ደረቀች።
ረዳቴ እጄን ይዞ መልሱን ይጠብቃል፤
ጥያቄውንማ ማንም ሰው፣ ሾፌርም፣ ያውቃል።

"ቀጥሎስ?" አለኝ ኔሳ።
ቀጥሎ ዝናብ ነበር፤ ጠዋት ላይ ሬሳ።

ከቀብሩ ማግስት አዲስ ገዝቼ ገለጥኩ፤
መልሱ ከጥያቄው ሥር! አንዲት መስመር ነው የጎደልኩ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጭንቅላቴ ናፍጣ ጠጥቷል፤
የሚስቴን ስልክ ቁጥር እንኳ ስንቴ ረስቷል።
ከፊት መስታወቱ ለጠፍኩት፤ ፀሐይ አነጣው።
ደብተር ሙሉ ገለበጥኩት፤ እጄ እንጂ ልቤ አልጻፈው።
መጋቢው "በፍቅር ያዘው" አለኝ። በፍቅር አልነበረም፤
በዕዳ ነው የያዝኩት፤ ዕዳ ሌሊት አያስተኛም።
ቤት ስሸመድደው በሩ ላይ ይጠፋል፤
እንደ ቀዳዳ ጎማ፣ ሲሞላ ይተነፍሳል።

ልጄ ዛሴኖ፣ የአሥር ዓመቷ፣ የቤት ሥራዋን ትታ፣
"አባዬ" አለችኝ፣ "አንተ እኮ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ማታ፣
የትኛው ኩርባ ላይ ምን ጉድጓድ እንዳለ ታውቃለህ፤
ቃሉን መንገዱ ይያዝልህ፤ በራስህ ለምን ትለፋለህ?"

ስለዚህ ኩርባ መረጥኩ። ቁጥሩን ያስጀመርኩት
ሁለተኛዋ ከናዳው ስፍራ እንድትውል አስቤበት ነው፤ መልሷን እዚያው ተከልኳት፣
ማርሽ ቀይሬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ጮኬ፤
ስንት ቀን አለፍኩ መሰላችሁ ለባዶ ገደል ሰብኬ!
ሦስተኛዋን አናናስ ሻጯ ሳታውቅ ተሸክማታለች፤
ስለማይንሸራተት እግር ናት፤ እሷ ግን በነጠላ ጫማ ጭቃ ላይ ቆማለች።
አራተኛዋ ጎማ ቤቱ ጋ፤ ባለቤቱ ሁሌ ተኝቶ፣
ስለማያንቀላፋው ስደግም ያንኮራፋል፣ አፉን ከፍቶ።
አምስትና ስድስት ይምታቱብኛል፤ መንታ ኩርባ ናቸው፤
ፀሐይና ጨረቃን ስንቴ አገላበጥኳቸው!
የመጨረሻዋ ኬላው ላይ ነች፤ ስለ መውጣትና መግባት፤
ፖሊሱ ወረቀት ሲጠይቀኝ እሷን ብዬው ሳቀባት።

ዘንድሮ መንገዱን አሰፉት፤ ዶዘር ኩርባዬን በላ፤
ሦስቱ በአንድ በጋ ሄዱ፤ ቀጥ ያለ አስፋልት መጣ ሌላ።
ፈራሁ። ግን መሪው ላይ እጆቼ፣ ኩርባ በሌለበት፣
ወደ ግራ ይላሉ፣ ትንሽ፤ ቃሏም ትመጣለች በዚያች ቅጽበት።

ትናንት ከኔሳ እናት፣ ከክሪየኑኦ ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤
በባዶ እጄ መሪ ይዤ፣ ስምንቱን ኩርባ ነድቼ ደገምኩ።
ስድስተኛዋ ላይ ስስት አረመችኝ፤ አላለቀሰችም፤
ጨረቃዬን ቦታዋ መለሰችና ሌላ ምንም አላለችም።
ሳበቃ ቀና ብላ አየችኝ፤ በልጇ ድምፅ፣ ቀስ፣ ለስለስ፦
"ቀጥሎስ?"

ዘጠነኛ ኩርባ የለኝም። ነገ ግን ቁልቁል ስወርድ
እፈልጋለሁ፤ ዶዘሩ ያላየው፣ ገና ያልቀና መንገድ።